ላም አለኝ በሰማይ፣ ፒካቹ አለኝ በሳጥን

ስለ ካርድ ዋጋ የሚያወራ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ካርዱን ሳያይ «ሀብታም ሆንን!» ይላል፤ ሁለተኛው ካርዱን ሳያይ «ጣለው!» ይላል። የመጀመሪያው ልጁን በከንቱ ያስጎመጃል፤ ሁለተኛው የልጁን ንብረት ለቆሻሻ መኪና ያስረክባል። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ ተናገር።

በደፈናው እንዳናወራ አንድ ካርድ እንያዝ። የፖክሞን የልጆች መጫወቻ ካርድ ጃፓን ውስጥ የወጣው በጥቅምት 1996 (እ.ኤ.አ.) ነው። አሜሪካ የገባው ደግሞ በጥር 1999፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በተባለው አሳታሚ በኩል። የመጀመሪያው ስብስብ 102 ካርድ አለው፤ 58ኛው ፒካቹ ነው፤ የሣለው ሚትሱሂሮ አሪታ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤት የዋሉ የእኛ ልጆችም ይህን ቢጫ ፍጥረት ያውቁታል። ዛሬ ራሳቸው ወላጅ ሆነዋል፤ የካርድ ካርቶናቸው ግን አሁንም አባታቸው ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ወሬው የሚነሳው ከዚያ ካርቶን ነው። ባዩ ይበል፣ እኔ ልመልስ።

«አሮጌ ነው፤ ስለዚህ ውድ ነው።»

ጋሼ፣ ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይወልድም። የቤዝቦል ካርድ ሰብሳቢዎችን ይጠይቁ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቶፕስ፣ ዶንረስ፣ ፍሊር፣ ስኮርና አፐር ዴክ ካርዱን እንደ ጉድ አተሙት። ገዢውም «ነገ ለልጄ ኮሌጅ ይሆናል» እያለ በካርቶን አሽጎ አስቀመጠ። ሁሉም ስላስቀመጠ የጠፋ የለም፤ የጠፋ ስለሌለም የተወደደ የለም። ያ ዘመን ካለፈ 30 ዓመት አልፎታል፤ ካርዱ ግን አብዛኛው ዛሬም በሳንቲም ነው የሚሸጠው። ሰብሳቢዎቹ ያን ዘመን በሙሉ «ጀንክ ዋክስ»፣ የውዳቂ ካርድ ዘመን፣ ይሉታል።

«የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል የ1952 ካርድሳ?»

ይህ ጥያቄ ደግ ጥያቄ ነው። ቶፕስ በዚያ ዓመት ማንትል ያለበትን የመጨረሻውን ዙር ካርድ ዘግይቶ ስላወጣው ብዙው ሳይሸጥለት ቀረ። የድርጅቱ ሰው ሳይ በርገር ራሱ ሲያወራው እንደኖረው፣ በ1960 ትርፉን በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስደፋው። ባሕር የበላውን በላ፣ ልጆችም የቀደዱትን ቀደዱ፤ ንጹሕ ሆኖ የተረፈው ጥቂት ነው። በነሐሴ 2022 ከተረፉት የማንትል ካርዶች አንዱ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እንግዲህ ያን ካርድ ውድ ያደረገው የቀን መቁጠሪያ አይደለም። የተረፈው አነሰ፣ የሚፈልገው በዛ፣ የዚያ አንዱ ይዞታ ደግሞ አማረ። እነዚህን ሦስቱን ይያዙልኝ፦ ስንት አለ? ማን ይፈልገዋል? እንዴት ተይዟል? ሦስቱን ሳይጠይቅ ዋጋ የሚጠራ ሰው የሚጠራው ምኞቱን ነው።

«ካርዱ ግርጌ ላይ 1995 ተጽፏል፤ እኔ አልዋሸሁም!»

እትዬ፣ እርስዎ አልዋሹም፤ ቁጥሩም አልዋሸም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ነው የተሳሳተው። እዚያ ግርጌ የተጻፈው የባለመብትነት ዓመት እንጂ ካርዱ ከማተሚያ ቤት የወጣበት ቀን አይደለም። በ1999 የታተመውም ፒካቹ ግርጌው ላይ 1995፣ 96፣ 98 ተደርድሮበታል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ጠገራ ብር ላይ 1780 ተጽፏል፤ ማርያ ትሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው። እሷ ከሞተች በኋላ ግን ቪየናም ሮማም ለንደንም ያንኑ 1780 እያተሙ ለብዙ ዘመን ብሩን መትተውታል። አያቶቻችን ብሩን ሲቀበሉ ቁጥሩን አይተው ዝም አላሉም፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ሳይቀር ይመረምሩ ነበር። እርስዎም የአያቶችዎን ዓይን ይዋሱ። በ2021 እኮ ፖክሞን 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ቻሪዛርድ የተባለውን የድሮ ካርድ፣ 4/102 የሚለውን ቁጥር ሳይቀይር፣ እንደገና አትሞታል። ልዩነቱን የምትናገረው 25 የሚል ቁጥር ያላት ትንሽ የፒካቹ ማኅተም ናት። ቁጥር ያየ ተታለለ፤ ማኅተም ያየ ዳነ።

«ፒካቹ እኮ ነው! የማያውቀው ማን አለ?»

ወንድሜ፣ ዝና ፈላጊ ያመጣል፤ እውነት ነው። ዝና ማተሚያም ያስሮጣል፤ ይህም እውነት ነው። ካርዱን ገልብጠህ ሳይሆን አቅንተህ ያዝና የቀኝ ግርጌውን እይ። «58/102» ከሚለው ጎን ጥቁር ክብ ነጥብ አለች። ክብ ማለት ተራ ካርድ ነው፤ ዳይመንድ ማለት ከተራ ከፍ ያለ፤ ኮከብ ማለት ብርቅ። ከ102ቱ ውስጥ 32 ክብ፣ 32 ዳይመንድ፣ 32 ኮከብ ናቸው፤ ከባለ ኮከቦቹ 16ቱ ያብረቀርቃሉ፤ የቀሩት 6ቱ የኃይል ካርዶች ናቸው። አሁን አንድ እሽግ ክፈት። 11 ካርድ ይወጣል። ኮከብ ያለው 1፣ ዳይመንድ ያለው 3፤ የቀረው ክብና የኃይል ካርድ ነው። እንግዲህ አስላው፦ በስብስቡ ዝርዝር ውስጥ ክብና ኮከብ እኩል 32፣ 32 ሆነው ሳለ፣ ከእሽጉ ግን ኮከብ አንዴ ሲመጣ ክብ ደጋግሞ ይመጣል። ፒካቹን ተራ ያደረገው ይህ ስሌት ነው፤ ማንም ንቆት አይደለም።

ብዛቱን በሰፊው ለማየት ከፈለግህ ደግሞ፣ የፖክሞን ኩባንያ እስከ መጋቢት 2025 ድረስ ከ75 ቢሊዮን በላይ ካርድ መታተሙን ራሱ ተናግሯል። ፍቅርህን አልነካብህም፤ ፒካቹን ውደደው። ስለወደድከው ብቻ ግን ብርቅ ነው አትበለኝ።

«አንድ ፒካቹ በሚሊዮን ዶላር ተሸጧል ሲባል ሰምቻለሁ!»

የሰማኸው ልክ ነው፤ ያሰብከው ግን ሌላ ነው። በሚሊዮን የተሸጠው «ፒካቹ ኢለስትሬተር» ይባላል። በ1997 እና በ1998 ጃፓን ውስጥ «ኮሮኮሮ» የተባለው መጽሔት ባዘጋጀው የሥዕል ውድድር ላሸነፉ የተሰጠ ነው፤ ብዛቱ ወደ 40 ገደማ። ከእነዚያ አንዱን፣ ከፍተኛውን የጥራት ደረጃ ያገኘውን፣ ሎጋን ፖል በ5 ሚሊዮን 275 ሺህ ዶላር ገዝቶታል። ያንተ ፒካቹ የተገኘው ከእሽግ ነው፤ ያ ፒካቹ የተገኘው ከሽልማት መድረክ ነው። በስም ሞክሼ ናቸው፤ በዋጋ ግን አይተዋወቁም።

«የእኔ ግን ፈርስት ኤዲሽን ነው!»

የት አየኸው? «ሰውዬው ነግሮኛል» ካልክ ሰውዬውን ሽጠው። የመጀመሪያ እትም ማኅተሙ ከሥዕሉ በታች በግራ በኩል ይታተማል፤ 1 ቁጥር ያለባት ትንሽ ጥቁር ምልክት ናት። ካለች አለች፣ ከሌለች የለችም፤ በመሃል «ሳትጠፋ አትቀርም» የሚባል ነገር የለም። ካለችም ቢሆን ተረጋጋ። ማቻምፕ የተባለው የባለ አራት እጁ ፍጥረት ካርድ ለሁለት ሰው መጫወቻ ከተዘጋጀው ጀማሪ ጥቅል ውስጥ ነበር የሚወጣው፤ ጥቅሉ ውስጥ የገባው ማቻምፕም ያንን ማኅተም እንደያዘ ሲታተም ኖረ። ስለዚህ ያብረቀርቃል፣ ኮከብ አለው፣ ማኅተም አለው፤ እንዲያም ሆኖ ከሌሎቹ ባለ ማኅተም አብረቅራቂዎች ጋር በዋጋ አይቀራረብም። ማኅተም ብቻውን አያነግሥም።

«እንግዲያው ተራ ከሆነ ይጣል፤ ቤት ያጣብባል።»

ቆይ! አሁን ደግሞ ወደዚህኛው ዞርኩ። ለጉረኛው የመለስኩት ላንተ ድጋፍ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ተራ የሚለው ምልክት የሚነግርህ ከእሽግ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚወጣ ነው። ስንት ጊዜ እንደታተመ፣ በየትኛው ዙር እንደታተመ፣ ስንቱ ሳይበላሽ እንደተረፈ አይነግርህም። ያን የሚነግርህ ዓይንህ ነው።

ያንኑ ፒካቹ አምጣና መብራት ሥር አስቀምጠው። መጀመሪያ የሥዕሉን ክፈፍ ቀኝ ጠርዝ እይ። በብዛት በታተመው ዙር ላይ ክፈፉ ጥላ ጥሏል፤ ደብዘዝ ያለ መስመር ይታይሃል። ከዚያ በፊት በታተመው ዙር ላይ ግን ጥላው የለም፤ ሰብሳቢዎች «ሻዶውለስ» የሚሉት ይህን ነው። ቀጥሎ ግርጌውን እይ፤ 1995፣ 96፣ 98 ብሎ ያቆማል ወይስ 99 ጨምሯል? በጥላ አልባው ላይ 99 ተጨምሯል። በመጨረሻ የፒካቹን ጉንጭ እይ። በብዙኃኑ ካርድ ላይ ጉንጩ ቢጫ ነው። ማኅተም ባለበትና በጥላ አልባው ዙር ውስጥ ግን ጉንጩ ቀይ የሆነም ቢጫ የሆነም አለ። ቀይ ጉንጩን የሚያሳድዱ ሰብሳቢዎች አሉ፤ በተለይ ማኅተም ያለውን።

አየህ? ሥዕሉ ያው፣ ቁጥሩ ያው፣ ክብ ነጥቧም ያቺው። አንዱን ከሌላው የለየው አንዲት ጥላ፣ አንዲት ቁጥር፣ አንድ ጉንጭ ነው። «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ካርቶኑን የሚደፋ ሰው የደፋው ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። አለማወቁን አልቀየመውም፤ ሳያውቅ መቸኮሉን ግን እቀየመዋለሁ።

ብዛትም ቢሆን ብቻውን አይፈርድም። በ1989 አፐር ዴክ የመጀመሪያ ስብስቡን ሲያወጣ 1 ቁጥርን ለወጣቱ ኬን ግሪፊ ጁኒየር ሰጠው። ያ ካርድ እልፍ ነው፤ ፒ.ኤስ.ኤ. ከተባለው ደረጃ ሰጪ ብቻ ከፍተኛውን ደረጃ፣ 10፣ ያገኘው ከ4000 በላይ ነው። ዋጋው ግን ከዚያ ዘመን ጓደኞቹ ጋር አብሮ አልወደቀም፤ ምክንያቱም ፈላጊውም እልፍ ነው። ብዙ ያለው ነገር ብዙ ፈላጊ ካለው ይቆማል፤ ጥቂት ያለው ነገር ፈላጊ ከሌለው ይወድቃል። ሁለቱን ጎን ሳትመዝን አንዱን ጎን ይዘህ አትፍረድ።

«የህትመት ስህተት አለበት፤ ውድ ነው።»

የትኛው ስህተት? በ1990 ቶፕስ ካተማቸው የቤዝቦል ካርዶች መካከል የፍራንክ ቶማስ ስም ከፊት ለፊቱ ሳይታተም የቀረባቸው አሉ። ዓመቱ ካርድ የተትረፈረፈበት ዓመት ነው፤ ስም አልባው ካርድ ግን ይፈለጋል። ለምን? ስህተቱ ይታወቃል፣ ስም ወጥቶለታል፣ ቁጥሩ አነስተኛ ነው፣ ተጫዋቹም ታላቅ ነው። ያንተ ካርድ ላይ ያለችው የቀለም ጠብታ ግን የቀለም ጠብታ ናት። ሰብሳቢ ያልጠየቀውን ስህተት ባለቤቱ ብቻውን ማስወደድ አይችልም።

«ምንም አልሆነም፤ እንደ አዲስ ነው!»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ይህ ተረት ስለ ካርድ የተነገረ አይደለም፤ ለካርድ የሚሆን የተሻለ ተረት ግን አላውቅም። «እንደ አዲስ» የሚለውን ቃል አፍህ ይበለው፣ ማዕዘኑ ይመስክር። አራት ነገር ይታያል፦ ማዕዘን፣ ጠርዝ፣ ገጽና የሥዕሉ መሃልነት። ካርዱን ገልብጠው። ጀርባው ሰማያዊ ስለሆነ ምንም ነገር አይደብቅም። ጠርዙ ላይ ነጭ ነጥቦች ካየህ ቀለሙ ተፍቋል፤ ወረቀቱ ወጥቷል። ማዕዘኑን ከጎን እይ፤ ሹል መሆን ሲገባው ዶልዱሞ ከሆነ በኪስ ውስጥ ከርሟል። አሁን አቅናና ከመብራቱ በታች ዘንበል አድርገው፤ ፊት ለፊት የማይታይ ጭረት በዘንበላ ይታያል። በመጨረሻ የቢጫውን ዳር ስፋት አስተያይ፤ በግራ ሰፍቶ በቀኝ ከጠበበ ሲቆረጥ ከመሃል ወጥቷል። ይህ የልጁ ጥፋት አይደለም፤ ካርዱ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ነው፤ ዋጋው ግን ይቀንሳል።

ከጥፋት ሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ላስቲክ ነው። ካርዱን «እንዳይበተን» ብለው በላስቲክ ጠፍረው የሚያስቀምጡ አሉ። ላስቲኩ ዓመት ቆይቶ ሲፈታ፣ ከላይና ከታች ያሉት ካርዶች ወገባቸው ላይ ሰምበር ይዘው ይወጣሉ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላል፤ ባለቤቱ በላስቲክ ያነቀውን ካርድም ገዢ አይቀበለውም። መፍትሔው በጣም ቀላል ነው፦ ስስ የፕላስቲክ ልባስ፣ ከዚያም ጠንካራ የፕላስቲክ ማቀፊያ ወይም የካርድ አልበም፤ ፀሐይ የማይመታው፣ እርጥበት የሌለው ቦታ። ምድር ቤቱ ውሃ የሚያስገባ ከሆነ ካርቶኑን ዛሬውኑ አውጡት።

«ኢንተርኔት ላይ 5000 ዶላር ይላል!»

ማን ነው ያለው? ሻጩ። ገዢውስ ምን አለ? ምንም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ኢቤይ ላይ ማንም ሰው የፈለገውን ዋጋ መለጠፍ ይችላል፤ መለጠፍ አያሳፍርም፣ አያስቀጣም። የተጠየቀ ዋጋ የአንድ ሰው ምኞት ነው፤ የተከፈለ ዋጋ የሁለት ሰዎች ስምምነት ነው። ስለዚህ «የተሸጡ» የሚለውን መምረጫ ንካና ያለቀላቸውን ሽያጮች ብቻ እይ። እነሱንም ስታይ የራስህን ካርድ ዙር፣ የራስህን ካርድ ይዞታ፣ የቅርብ ጊዜውን ቀን ፈልግ። ጥላ ያለውን ይዘህ የጥላ አልባውን ዋጋ አትጥቀስ፤ ማዕዘኑ የተላጠ ይዘህ የ10ን ዋጋ አትጥራ። አንድ ሽያጭም ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ሽያጭ እይና መሃሉን ያዝ።

ጊዜውንም አትርሳ። በ2021 ሰዉ ቤቱ ተቀምጦ ካርድ ሲያሳድድ ዋጋው ጣሪያ ነካ። ግርግሩ ከመክፋቱ የተነሳ ታርጌት የተባለው ሰንሰለት መደብር በግንቦት 2021 ካርድ በመደርደሪያ መሸጥ ለጊዜው አቁሞ ነበር። የዚያን ሰሞን ዋጋ ዛሬ የሚጠራ ሰው ያለፈውን ገበያ ነው የሚጠራው፤ ገበያ ደግሞ ለትናንት አይከፍልም።

«እንግዲያው ልኬ ግሬድ ላስደርገው!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እንደ ፒ.ኤስ.ኤ.፣ ቤኬትና ሲ.ጂ.ሲ. ያሉት ድርጅቶች ካርዱን መርምረው ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጡና በፕላስቲክ ያሽጉታል። ሥራው ጠቃሚ ነው፤ ነጻ ግን አይደለም። ለእያንዳንዱ ካርድ ይከፈላል፤ መላኪያና ኢንሹራንስ ሲጨመር ይከብዳል። ያልታሸገው ካርድህ 3 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ 10 ካላገኘህ በቀር ክፍያህን አትመልስም፤ 10 ደግሞ በምኞት አይገኝም። ደንቡ ይህ ይሁን፦ ካርዱን ራስህ መርምረህ ከገመትከው ደረጃ አንድ ዝቅ አድርግ፤ በዚያ ዝቅ ባለው ደረጃ የተሸጡትን እይ፤ ወጪህን ከሸፈነ ላክ፣ ካልሸፈነ ልባስ አልብሰህ አስቀምጠው። የታሸገ ተራ ካርድ ያው ተራ ካርድ ነው፤ ቤቱ ብቻ ነው የተለወጠው።

«እውነተኛ ለመሆኑስ በምን አውቃለሁ?»

ይህን በመጠየቅሽ ብቻ፣ እህቴ፣ ከብዙዎቹ በልጠሻል። እርግጠኛ ከሆንሽበት ሌላ ካርድ አጠገብ አስቀምጪው። የጀርባው ሰማያዊ ተመሳሳይ ነው? ፊደሉ አልወፈረም፣ አልቀጠነም? የስልክሽን መብራት ከኋላው አብሪበት፤ እውነተኛው ካርድ በሁለቱ ገጾች መካከል ጠቆር ያለ ሽፋን ስላለው ብርሃኑን ያፍናል፤ ብዙ ሐሰተኛ ግን እንደ ስስ ወረቀት ያሳልፋል። አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃሽም፤ ሁሉንም አመሳክሪ። ለሙከራ ብለሽ ግን አትቅደጅው፤ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝስ?

«ይህ ሁሉ ለልጅ ጨዋታ ነው?»

አዎ፣ ለልጅ ጨዋታ ነው። ልጁ ካርዱን ሲያነብ ማንበብ ተምሮበታል፤ በጨዋታው የደረሰውን ጉዳት ከነጥብ ሲቀንስ ሂሳብ ተምሮበታል፤ ሲለዋወጥ መደራደርና ቃል መጠበቅ ተምሮበታል። ያ ልጅ ያንተ ነው። ከእንግሊዝኛው ጋር ገና እየታገለ ወደ አዲስ ክፍል ሲገባ ጓደኛ ያገኘበት ካርድ ሊሆን ይችላል። አንተ «ወረቀት» የምትለውን እሱ በስም ይጠራዋል። ሳትጠይቀው አትጣልበት፤ ሳትጠይቀው አትሽጥበት። ካርቶኑ ያንተ ቤት ቢቀመጥም ካርዱ የእሱ ነው።

«ከአንድ ልጅ ላይ ጥሩ ካርድ በ1 ዶላር ወሰድኩ፤ ብልጥ ነኝ!»

አይደለህም። ልጅን ማሞኘት ብልጠት ከሆነ ከብልጠት ሁሉ ዝቅተኛው ነው። አንተ የጥላውን ምስጢር ታውቃለህ፣ እሱ አያውቅም፤ አንተ የተሸጡትን አይተሃል፣ እሱ አላየም። ያንተ ዕውቀት የእሱ ጉዳት ከሆነ ዕውቀትህ ምን ረባ? በገበያ መደራደር አለ፤ አልከለከልኩም። አዋቂ ከአዋቂ ጋር ይደራደር። ልጅ ፊት ግን አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው፦ ዋጋውን ንገረው፣ ከዚያ ግዛ። ወላጁ አጠገቡ ካለም ለወላጁ ንገር። ዛሬ እውነቱን የነገርከው ልጅ ነገ ሰብሳቢ ይሆናል፤ ዛሬ ያታለልከው ልጅ ነገ የሰብሳቢዎችን ደጃፍ አይረግጥም። ያን ጊዜ ብርቅ ካርድህን ማን ይገዛልሃል?

«ሁሉንም አየሁ፣ ሁሉንም መረመርኩ። ጥላ አለው፣ ጉንጩ ቢጫ ነው፣ ማዕዘኑ ተላጥቷል። ዋጋ የለውም ማለት ነው?»

ገበያው ብዙ አይከፍልህም፤ ይህ እውነቱ ነው፣ አልሸነግልህም። መሰብሰብ ግን የተጀመረው ለመሸጥ አይደለም። ሰብሳቢ ማለት የጎደለውን የሚያሟላ ሰው ነው። 102ቱን አንድ በአንድ በአልበም የሚደረድር ልጅ 4ኛው ኪስ ላይ ቻሪዛርድን ይፈልጋል፤ 58ኛው ኪስ ላይ ደግሞ ፒካቹን ይፈልጋል። ያለ ቻሪዛርድ ስብስቡ 101 ነው፤ ያለ ፒካቹም ስብስቡ 101 ነው። በመቶ ሺዎች ዶላር የተሸጠ ቻሪዛርድ እንኳ የ58ን ቦታ ሊሞላ አይችልም፤ ያን ቦታ የሚሞላው ያ ማዕዘኑ የተላጠ፣ ባለ ክብ ነጥቡ፣ ተራው ካርድህ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋው ስንት ነው ብለህ ለጠየቅከኝ፣ ለገበያው ትንሽ ነገር ነው፣ ስብስቡ አንድ ለጎደለው ልጅ ግን የጎደለው አንዱ ነው። ልጁን ካወቅከው ስጠው፤ ካላወቅከው ልባስ አልብሰህ አቆይለት።